የዘር ቤቱ ሦስተኛ ቁልፍ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? እጅሽን ይልጠው የነበረው የልብስ ማጠቢያው ሳሙና አሁንም አልተወሽም ወይስ ጓንት ሰጡሽ? ባለቤትሽ ከመሰላል ወድቆ የተጎዳው ትከሻው ዳነለት? ሕፃኗስ ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ አሁንም እየተንፏቀቀች ቤቱን ታስሳለች? ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ የታማሚ ድምፅ መስሎኝ ነበር። እኛ በአካል ደህና ነን። እማዬ ትንሽም ቢሆን እህል ትቀምሳለች። ትንሿ እህታችን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች፤ በዚያች ብቻ ነው ቤታችን ውስጥ የሚሳቀው። ታዲያ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ደብዳቤውን ላሳጥርልሽ አልችልም። ደህና ያልሆነ ነገር አለ።

እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ይህን በልልኝ ያለችኝ እማዬ ናት። በስልክ ልንነግርሽ አስበን ነበር፤ ግን ስልኩ ያለው አጎታችን ሱቅ ነው፤ አንቺ እዚያ ስታስነጥሺ እዚህ አምስት ሰው ይማርሽ ይላል። እማዬ ደግሞ፣ «የወንድሟን ሞት በስልክ ነው የሰማችው፣ ቆማ። ይሄን በወረቀት ትስማ፣ ተቀምጣ» አለች። ስለዚህ ነገ ጠዋት በሚያልፈው የጭነት መኪና ሾፌር እልክልሻለሁ።

ነገሩ ስለ ዘር ቤቱ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የዛሬ አራት ዓመት እኛን ጎርፍ ጠራርጎ ሲወስደን የላይኛው መንደርና ከወንዙ ማዶ ያሉት ደህና አምርተው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የላይኞቹን በረዶ መትቷቸው እኛ ተርፈናል። ወንድም ጋሼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን እያሰበ ሲብሰለሰል ሰንብቶ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ሦስታችንንም በአንድ ዓመት የመታ ነገር እኮ የለም! ታዲያ ዘራችንን ለምንድን ነው በየጎጇችን ደብቀን የምናስቀምጠው?» አለ። እማዬ መጀመሪያ ያለችው፣ «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ነው። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱን መንደሮች በእግሩ አሰለቻቸው። በመጨረሻ ተስማሙ። ከእያንዳንዱ ቤት ምርጥ ዘር ተዋጣ፤ ከጀልባው መቆሚያ በላይ፣ በእኛ በኩል ባለው ጉብታ ላይ የድንጋይ ቤት ተሠራ፤ ዘር ያጣ መንደር ከዚያ እየወሰደ ይዘራል፣ ሲያመርት ይመልሳል።

ግን ሦስት መንደር በአንድ ቀን አይተማመንም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። በብረት በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተደረገ። አንዱ ቁልፍ በወንድም ጋሼ እጅ፣ አንዱ በላይኛው መንደር አዋላጅ እጅ፣ አንዱ ደግሞ በሩን በሠራው በማዶው በያጅ እጅ። ሦስቱ በአንድ ላይ ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። መለዋወጫ ቁልፎቹንስ ማን ይያዝ ተብሎ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀው፣ ማንም አይያዛቸው ብለው፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየ ሦስቱንም ወንዙ ውስጥ ወረወሯቸው። ወንድም ጋሼ፣ «እንግዲህ ዓሣውም አባል ሆኗል» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ደንቡም ተጻፈ። ከሦስቱ አንዱ ጓጉንቸር ከተሰበረ ማኅበሩ ፈርሷል፤ ሁሉም ድርሻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ።

ባረፈበት ቀን ወንድም ጋሼ ማዶ የተሻገረው ስለ ድልድዩ ነበር። ሦስቱ መንደሮች አንድ ማመልከቻ ፈርመው ካቀረቡ ጽሕፈት ቤቱ የእግረኛ ድልድይ እንደሚያሠራ ቃል ገብቶ ነበር። ሲመለስ ጀልባው ሌላ ሰው ሊያደርስ ሄዶ ነበር። ወንድም ጋሼ መጠበቅ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ። እንደ ልማዱ ሱሪውን ጠቅልሎ በጥልቁ ራስጌ ባለው መሻገሪያ ገባ። ከላይ ዝናብ መጣሉን ማንም አላወቀም፤ ድንገት የሞላው ውሃ ወሰደው። ይህን ያህሉን በስልክ ነግረንሻል። ያልነገርንሽ ከውሃው ያወጣው ማን እንደሆነ ነው። ጀልባ ቀዛፊው ነው፣ የበያጁ ታናሽ ወንድም። ጀልባውን ትቶ ዘሎ ገብቶ፣ ራሱ ሊሰምጥ ምንም ሳይቀረው፣ ጎትቶ በእኛ በኩል አወጣው። እኔ ስደርስ ወንድም ጋሼን አቅፎት ተቀምጦ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ፣ «ይቅርታ፣ አልደረስኩም፣ ይቅርታ» ይል ነበር።

እታለም፣ አሁን የምጽፈውን ስታነቢ እንዳትጠዪኝ። ሬሳውን ቤት አስገብተው ልብሱን ሲቀይሩለት ከገላው የወጣውን ነገር ሁሉ ሳያዩት በእርጥብ ሸሚዙ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ ከአንገቱ የማይለየውን የቁልፉን ማሰሪያ ከነቁልፉ። ሰዓቱ ቆሟል። ቁልፉ ግን እንደሞቀ ነበር፤ ወይም የእኔ እጅ ይሆናል ያሞቀው። በዚያ ሰዓት ስለ ዘር፣ ስለ መንደር፣ ስለ ማንም አላሰብኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲተኛም ሲታጠብም ከእሱ ያልተለየ ነገር በእኔ እጅ መሆኑ ስርቆት መሰለኝ። ሰዎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ባለበሱት ልብስ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እንዲህ ሆኖ ነው ቁልፉ አብሮት የተቀበረው። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላየኝም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ አዋላጇ የዘር ማውጫ ቀን ለመቁረጥ መጡና ቁልፉን ጠየቁ። እማዬ ሳጥኑን ገለበጠች። ፍራሹን ቀደድን። እኔም አብሬ ፈለግሁ፤ አልጋ ሥር ገብቼ እንደማያውቅ ሰው ፈለግሁ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን የእማዬን ፊት አየሁ። ልጅሽን ካለበት እናውጣው ሲሏት ታየኝ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱ አጎታችን ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ «ከውሃ አወጣልን ብላችሁ ታመሰግኑታላችሁ! እጁ መጀመሪያ የገባው ልጃችን አንገት ላይ ነው፤ ቁልፉን እዚያው ፈታው» ብለው ስለ ቀዛፊው ተናገሩ። አጎታችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሐዘናቸውን የሚያሳርፉበት ሰው አጥተው ነው። ወሬው ግን እስከ ምሳ ሰዓት እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ወንዶቹ ወርደው ጀልባውን ከውሃ ጎትተው አወጡ፤ መቅዘፊያዎቹንም ወሰዱ።

ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ካልሆነ ከማዶ ወደ እኛ የሚሻገር የለም። ወተታቸው እዚያው ይበላሻል። ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት አይመጡም። የቀዛፊው ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በሒሳብ እሱ ይረዳኛል፣ በድርሰት እኔ እረዳዋለሁ። ቦታው ባዶ ነው። መምህራችን ስም ሲጠሩ እሱ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አይተው ያልፉታል። እኔ አጠገቡ ሆኜ፣ አባቱ እንዳልሰረቀ ከዓለም ሁሉ የማውቅ ብቸኛ ሰው ሆኜ፣ ደብተሬ ላይ መስመር አሰምራለሁ። በየቀኑ መናገሩ ከትናንቱ እየከበደኝ ሄደ። ምክንያቱም አሁን «ቁልፉ የት አለ?» ብቻ አይደለም የሚጠይቁኝ፤ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይሉኛል።

የዛሬ አሥር ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቀዛፊው በዋና ተሻገረ። ጀልባዬን ስጡኝና ልጆቹ ይማሩ ብሎ ሊለምን ነው የመጣው። አምስት ሆነው ያዙት። ወደ ዘር ቤቱ ወስደው ሁለት እጁን በገመድ ከበሩ እጀታ ጋር አሰሩት። አጎታችን፣ «ቁልፉ ካልመጣ ከዚህ በር አትላቀቅም፤ አንተን ራስህን ጓጉንቸር እናደርግሃለን» አሉ። የሳቀም ነበር። ማዶ በኩል ሰው እየተሰበሰበ፣ ዱላና አካፋ እየታየ ነበር። በያጁ ከሦስት ሰዎች ጋር እየዋኘ ሲመጣ አየሁት። ዛሬ ሰው ይሞታል፣ የሚሞተውም በእኔ ዝምታ ነው አልኩ በልቤ።

ጉብታውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። «ቁልፉ ወንድም ጋሼ ጋ ነው!» አልኩ። ጮኼ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፄ አልወጣም። እንደገና አልኩት። «ልብሱ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አልወሰደም፤ ቁልፉ ከአንገቱ የወጣው ቤት ውስጥ ነው፣ ከሸሚዙ ጋር ተጠቅልሎ ነው እጄ የገባው።» አጎታችን እጃቸውን አነሱ፤ በጥፊ ሊሉኝ ነበር፤ ከላይኛው መንደር የደረሱት አዋላጅ ክንዳቸውን ያዙ። «ሐዘን ነው የሚያናግረው፣ ልጅ ነው» አሉ አጎታችን። አዋላጇ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ «እስቲ ዓይኔን እየኝ» አሉ። አየኋቸው። «እውነቱን ነው» አሉ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ፤ ስለ መቃብር፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ እኛ ቤት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ሰውየው አሁንም በሩ ላይ ታስሮ ነበር! እሱን መፍታት ማንንም ትዝ አላለውም። ሄድኩ። ገመዱ ረጥቦ ጠብቋል፤ በጣቴ አልሆን ሲለኝ በጥርሴ ያዝኩት። ቀዛፊው ጎንበስ ብሎ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ እጄን ልትበላው ነው እንዴ?» አለኝ። ሲፈታ አንጓውን እያሸ፣ «ሃያ ሦስት ቀን» አለ። ጀልባው ከተወሰደ ሃያ ሦስት ቀን መሆኑ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የቀረው ነገር ይህ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች፣ «ሙት አይነካም፤ የእኛን ጓጉንቸር በስምምነት እንቁረጠውና አዲስ እናድርግ» አሉ። አዋላጇም ይህን ይደግፋሉ። በያጁ ግን እንቢ አለ። «ትናንት ወንድሜን ሌባ አላችሁት፣ እንደ በሬ በር ላይ አሰራችሁት። ዛሬ ደግሞ በአንድ ልጅ ቃል ደንቡን እንሻር ትሉኛላችሁ? ደንቡ የሚለው ጓጉንቸር ከተሰበረ ማኅበሩ ፈረሰ ነው። እኔ የሚሰበር በር አልሠራሁም። ቁልፉ አልጠፋም፤ ያለበት ታውቋል። ቁልፉ ይምጣና የወንድሜ ስም በሰው ሁሉ ፊት ይጥራ። ካልሆነ በሩን እኔው በሠራሁበት እጄ ገንጥዬ የማዶን ድርሻ እወስዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ እናንተ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ።» እውነቱን ለመናገር እታለም፣ ምን ብዬ ልፍረድበት? ወንድሙ ነው።

ማኅበሩ ከፈረሰ የእኛ መንደር በዚህ ዓመት የሚዘራው የለውም። ያዋጣነውን ዘር ባለፈው ዓመት ተበድረን ጨርሰነዋል፤ እዚያ ውስጥ ያለው አብዛኛው የእነሱና የላይኞቹ ነው። መሬቱ ታርሶ ተዘጋጅቷል፤ ደመናው በየቀኑ ዝቅ ይላል። የድልድዩም ነገር ያከትማል፤ በሁለት መንደር ፊርማ አይሠራም። ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ቦኖው ጋ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ወሬው ይቆማል። ባለፈው ሳምንት አንዱ፣ «ሰባት ሳምንት ሆኖታል እኮ፣ ምን ያስፈራል፣ ቆፍሮ ማውጣት ነው» ሲል ሰማሁ፤ የሚናገረው ስለ ተቀበረ ድንች ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መቃብሩ ጋ ነው የምሄደው። የቤት ሥራዬን እዚያ እሠራለሁ። ሰው ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ። ሳይጠይቁን መጥተው ይቆፍራሉ ብዬ እፈራለሁ፤ ደግሞ ጠይቀውን እሺ እንላለን ብዬም እፈራለሁ። አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ ያስደነግጠኛል፤ የጎረቤታችን አትክልተኛ እንኳ ሳይቀር።

እማዬ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ይህም ያስፈራኛል። ሽማግሌዎቹ ከሦስቱም መንደር መጥተው ፈቃዷን ሲጠይቋት፣ «አንዲት እፍኝ አፈር ሳትጨምርበት የቀረች ልጅ አለችኝ። እኛ ሁላችንም ተሰናብተነዋል፣ እሷ አልተሰናበተችም። እሷ ሳትሰማ ያን አፈር ማንም አይነካውም። እሷ ይሁን ካለች ይሁን፣ አይሁን ካለች አይሁን» አለቻቸው። በያጁ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። እስከሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ድረስ ሊጠብቁ ተስማምተዋል። ከዚያ በላይ ዘሩም ዝናቡም አይጠብቅም።

ስለዚህ እታለም፣ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደውዪ። ሦስቱም መንደሮች ሱቁ በር ላይ ይኖራሉ፤ ስልኩን ከፍ አድርገው ሁሉም እንዲሰማ ነው የሚያደርጉት። እማዬን ወይም አጎታችንን ለማስደሰት ብለሽ አትናገሪ። ለእኔም ብለሽ አትናገሪ። እኔ የትኛውን እንደምመርጥ ራሴን ስጠይቅ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነኝ። የቀዛፊውን አንጓ ሳስብ ይከፈት እላለሁ። ከዚያ መቃብሩ ጋ ስቀመጥ ደግሞ አንጀቴ እንቢ ይላል። ይህን መሸከም ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ ወደ አንቺ መላኬ ያሳፍረኛል።

እማዬ ሳሚልኝ፣ ጉልበቷን ሳሚልኝ ትላለች፤ የሕፃኗን ማለቷ ነው። ትንሿ እህታችን ጥርሶቿን በወረቀት ጠቅልላ ልትልክልሽ ፈልጋ እኔ ነኝ የከለከልኳት፤ ተቀይማኛለች፤ በስልክ አባብያት። አጎታችን ሰላም በልልኝ አሉ፤ ይህን ሲሉ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። አዋላጇ፣ እኔ ያዋለድኳት ልጅ ስለሆነች ቃሏን አምናለሁ በላት ብለውኛል። ለባለቤትሽ እግዜር ይማርህ በይልኝ። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ከላይ ቤት የሚያከራዩሽን ሴትዮም እንዲሁ፤ በሐዘንሽ ጊዜ አብረውሽ ስለተቀመጡ እማዬ ሁልጊዜ ታመሰግናቸዋለች።

አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ትናንት ሽማግሌዎቹ፣ መቃብሩ ከተከፈተ ማን ነው እጁን የሚሰድ ተባባሉ። በያጁ እንኳ ወደ ወንዙ ዞረ። የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳስገባሁት የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ሌላ ሰው እንዲበረብረው ስለማልፈልግ፣ እኔ እገባለሁ ብያቸዋለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝና አይሁን እንድትዪ አይደለም። ይሁን ካልሽም የሚነካው የባዕድ እጅ እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው። በጣም ነው የምፈራው፤ ግን እገባለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከእማዬ መደርደሪያ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን